ዘሩ እንቢ ላላችሁ፦ አማራንተስ አበባን ከዘር ማብቀል

ደሴ ላይ የምኖርበት ግቢ አጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አማራንተሶቼ ቀይ ሹሩባ የመሰለ አበባቸውን በአጥሩ ላይ አንዠርግገው ወደ መንገዱ ያወርዱታል። ያኔ በሩ መንኳኳት ይጀምራል። "እታለም፣ የዚህ አበባ ዘር አይኖርሽም?" ያለኝን በወረቀት ጠቅልዬ እሰጣለሁ። የመዝሪያው ወቅት ደርሶ ያልፍና ያው ሰው ይመለሳል። "ዘርሽ እንቢ አለኝ።"

እንዴት እንደዘሩት ስጠይቅ መልሱ ሁሌም አንድ ነው። ጉድጓድ ተቆፈረ፣ ዘሩ ገባ፣ አፈር ተመለሰበት፣ ውሃ በጆግ ተደፋበት። ይህ የባቄላ አዘራር ነው። አማራንተስ የሚዘራው እንደ ጤፍ ነው፤ ከላይ ተነስንሶ፣ ሳይቀበር። ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ እንኳ ግማሹ ሥራ አልቋል። ሌላውን ግማሽ በተራ በተራ እነሆ።

መጀመሪያ፣ የትኛውን ነው የምትፈልጉት?

በአማራንተስ ስም የሚሸጠው ዘር አንድ ዓይነት አይደለም። አበባው ወደ ታች የሚንዠረገገው ካውዳተስ ይባላል። ቁመቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ቀይም አረንጓዴም አለው። አበባው እንደ ችቦ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ክሩኤንተስ ነው፤ እሱ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ትሪከለር የሚባለው ደግሞ ለአበባው ሳይሆን ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ለተቀላቀለበት ቅጠሉ የሚተከል ነው። ትሪከለር ብርድ ጨርሶ አይችልም፤ ለኮምቦልቻና ለከሚሴ ካልሆነ ለደሴ ሰው አልመክረውም።

አዘራራቸው አንድ ነው። ከዚህ በታች የምለው ግን በይበልጥ የሚንዠረገገውን በማሰብ ነው፤ ሰው በር የሚያንኳኳው ለሱ ነውና።

መቼ ይዘራ?

አማራንተስ ሙቀት ይወዳል። የአፈሩ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን ዘሩ ከ4 እስከ 10 ባለው ቀን ብቅ ይላል። ከ15 ዲግሪ በታች ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እርጥበት ካለ ደግሞ ብዙው እዚያው ይበሰብሳል። ውርጭ ካገኘው የደረሰው ተክል እንኳ በአንድ ሌሊት ጠቁሮ ያድራል።

ወሎ ላይ ደግሞ ብርድና ሙቀት ጎረቤታሞች ናቸው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መቶ ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ሙቀቱ በግማሽ ዲግሪና ከዚያ ትንሽ በለጥ ባለ መጠን ስለሚቀንስ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። እህቴ ኮምቦልቻ ናት። አንድ ጊዜ ከአንድ ወረቀት ዘር ተካፍለን በአንድ ቀን ዘራን። የሷ በአምስተኛው ቀን በቀለ። የኔ በአሥራ አንደኛው። ስለዚህ ቀን ስትቆጥሩ ከራሳችሁ አገር ተነሱ።

- ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ፣ ባቲ፣ መርሳ፣ ቆቦ፦ ውሃ ካላችሁ ዓመቱን ሙሉ መዝራት ይቻላል። በግንቦትና በሰኔ ፀሐይ ግን ችግኙን ቀትር ላይ አስጠልሉት።
- ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልዲያ፣ ላሊበላ፦ ሁለት ጊዜ አለ። አንደኛው በበልጉ ሰሞን፣ ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት ማብቂያ። ሁለተኛው ለአዲስ ዓመትና ለመስቀል አበባ የሚያደርሰው፣ ከግንቦት 20 እስከ ሰኔ 5 ገደማ ነው።
- ወገል ጤና፣ ጉጉፍቱና ሌላው ብርዳም ደጋ፦ ሚያዝያ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ጥግ ብቻ።

እኔ ደሴ ላይ ከዘር እስከ ቆረጣ ሦስት ወር እቆጥራለሁ። እህቴ ሁለት ወር ተኩል ይበቃታል።

ደጋ ላይ ከመስከረም በኋላ አትዝሩ። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ አማራንተስ ሳያድግ ቶሎ ወደ አበባ ይዞራል፤ ጉልበት የማያክል ተክል ላይ ጣት የምታህል አበባ ታገኛላችሁ። ያንንም ቢሆን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይወስደዋል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ዘር። አንድ ግራም ውስጥ ከ1,000 በላይ ፍሬ አለ። ለአንድ ግቢ በሻይ ማንኪያ ጫፍ የሚነሳው ከበቂ በላይ ነው።
- መዝሪያ። ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ማንኛውም ዕቃ ይሆናል። እኔ የዘይት ጀሪካን በጎኑ አስተኝቼ የላይኛውን ፊት እቀደዋለሁ፤ ታቹን በጋለ ምስማር ስምንት አሥር ቦታ እበሳዋለሁ።
- አፈር፦ ሁለት እጅ ቀላል አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የተብላላ ኮምፖስት ወይም ያረጀ ፍግ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ።
- ከኩሽና የተሰናበተ ወንፊት።
- አንድ የቡና ሲኒ ደረቅና ደቃቅ አሸዋ።
- ሳፋ፣ እና ክዳኑ በመርፌ የተበሳሳ ሃይላንድ።
- ብርሃን የሚያሳልፍ ፌስታል።
- ያረጀ አጎበር።
- 1 ሜትር ተኩል የሚሆን ሸንበቆ ወይም የባሕር ዛፍ እንጨትና ሲባጎ።

የሚገዛ ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ከዘሩ በቀር።

1. ዘሩን ፈትኑት

ዘሩ ከገበያም ይምጣ ከጎረቤት፣ 20 ፍሬ ቆጥራችሁ በረጠበ ሶፍት ላይ አስቀምጡ። ሶፍቱን አጥፉት፣ በፌስታል ከቱት፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። በሳምንቱ ስትከፍቱት ከ20ው 14 እና ከዚያ በላይ ካበጠና ነጭ ሥር ካወጣ ጥሩ ነው። ሰባት ስምንት ብቻ ከሆነ ዘሩን እጥፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ምንም ካልበቀለ አትልፉ።

ይህን እርምጃ ሰው ይዘለዋል። እኔም እዘለው ነበር። አንድ ዓመት የሚያምር ሥዕል ያለበት እሽግ ዘር ገዝቼ ሦስት ሳምንት ባዶ አፈር ሳጠጣ ከረምኩ። በኋላ እሽጉን ገልብጬ ሳየው የተጻፈበት ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

2. አፈሩን አዘጋጁ

ሦስቱን ደባልቃችሁ በወንፊት አሳልፉት። ጓል ካለ ዘሩ ጓሉ ሥር ይገባና ይቀበራል። ግቢያችሁ ዋልካ ከሆነ አሸዋውን ጨመር አድርጉ፤ ዋልካ ሲደርቅ ከላይ ቅርፊት ይሠራል፣ ይህን የመሰለ ቀጭን ቡቃያ ደግሞ ቅርፊት መስበር አይችልም።

ከዚያ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ይህ አፈር ውስጥ ያለውን ሻጋታና የአረም ዘር ይቀንሳል። ትኩስ ፍግ አትጠቀሙ፤ ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

3. ከመዝራታችሁ በፊት አጠጡ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዘር። መዝሪያውን እስከ አፉ ጣት ያህል ሲቀረው በአፈር ሙሉት። በሲኒ ቂጥ ወይም በጠፍጣፋ እንጨት ደልዳላ እስኪሆን ተጫኑት። ከዚያ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። ውሃው ከታች በቀዳዳዎቹ ይገባል፤ የላዩ አፈር ሲጠቁር አውጡትና አንጠፍጥፉት።

ለምን ይህ ሁሉ? ከዘራችሁ በኋላ ከላይ ውሃ ብታፈሱ ዘሩ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የሞከርኩ ጊዜ በጆግ ደፋሁበት። በሳምንቱ መዝሪያው አንድ ጥግ ላይ ቡቃያው እንደ ቀይ ምንጣፍ ተጨናንቆ በቀለ። ሌላው ጠፍ መሬት።

4. ዝሩ

ዋናው ቦታ ላይ ደርሰናል፤ ቀስ በሉ።

ዘሩን ከደረቁ አሸዋ ጋር ሲኒው ውስጥ ደባልቁት። ፍሬው ከጤፍ ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ለብቻው በጣት ቆንጥራችሁ ብትጥሉት ሃምሳው አንድ ቦታ ይወድቃል። አሸዋው ያሳሳዋል፤ የት እንደወደቀም ያሳያችኋል።

አፈሩ ላይ በእርሳስ ጀርባ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን መስመር አስምሩ። በመስመሮቹ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ይኑር። ድብልቁን ቆንጠር እያደረጋችሁ፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት እያሻችሁ፣ በመስመሩ ላይ አንጠባጥቡ። በመስመር ዝሩ የምለው ለውበት አይደለም፤ ምክንያቱን እርምጃ 6 ላይ ታዩታላችሁ።

አሁን ወንፊቱን ከፍ አድርጋችሁ ደረቅ አፈር ንፉበት። ምን ያህል? ፍርፍር ላይ ሚጥሚጣ ስትነሰንሱ ያህል። አንዳንዱ ፍሬ አሁንም ለዓይን መታየት አለበት። ሁሉም ከጠፋ አብዝታችኋል። ዘሩ በሆዱ የያዘው ስንቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚያወጣው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ሥር ከሆነ መንገድ ላይ ይሞታል፤ እናንተም "አልበቀለም" ትላላችሁ።

በመጨረሻ እንደገና በሲኒ ቂጥ ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ገበሬው ጤፍ ሊዘራ ሲል ማሳውን በከብት የሚያስረግጠው ለዚሁ ነው። ደቃቅ ዘር ከአፈሩ ጋር ካልተጣበቀ እርጥበት አይደርሰውም።

5. ለአሥር ቀን እርጥበቱን ጠብቁ

መዝሪያውን በፌስታል ሸፍናችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡ። ደሴ ላይ የኔ ቦታ ኩሽና ውስጥ ነው፤ ምድጃው ላይ ሳይሆን ከምድጃው ክንድ ያህል ራቅ ብሎ። ቀን ቀን ፀሐይ የምታገኘው መስኮት ላይ አወጣዋለሁ፣ ማታ እመልሰዋለሁ። ቀትር ላይ ግን ፌስታሉን እንደሸፈናችሁ ፀሐይ ላይ እንዳትረሱት፤ ውስጡ ይጋልና ዘሩ ይቀቀላል።

በየጠዋቱ አፈሩን በጣት ንኩት። ጣት ላይ ከተጣበቀ ተዉት። ከደረቀ በሃይላንዱ ቀስ አድርጋችሁ እንደ ካፊያ አርከፍክፉ። ዘሩ አብጦ ሊበቅል ሲል አንድ ቀን ከደረቀ አለቀለት፤ ሁለተኛ ዕድል የለውም።

የመጀመሪያዎቹ ቡቃያዎች ብቅ ባሉበት ቀን ፌስታሉን አንሱ። "ሁሉም ይብቀልና" ብላችሁ ብታቆዩት እርጥበቱ ታፍኖ ሻጋታ ይነሳል። ቡቃያው አፈሩ አጠገብ እንደ ክር ይቀጥንና ይጋደማል። ካያችሁት የተጋደመውን ከነአፈሩ በማንኪያ አውጡ፣ ውሃ ቀንሱ፣ ነፋስ አስገቡ።

ጉንዳንም ደቃቅ ዘር ተሸክሞ ይሄዳል። መዝሪያውን ውሃ ባለበት ሳህን መካከል ድንጋይ ላይ ብታስቀምጡት አይደርስበትም። ዶሮ ካላችሁ ምን እንደምታደርጉ ታውቃላችሁ።

6. አሳሱት፣ አረሙንም ለዩ

ችግኙ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች በኋላ ሌላ ሁለት ሲጨምር አሳሱት። በየ3 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ይቅር። ሌላውን አትንቀሉት፤ በትንሽ መቀስ ከአንገቱ ቁረጡት። ሲነቀል የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ልፋት ገደል ይገባል። በየአጥሩና በየማሳው ዳር የሚበቅለው አሉማ የአማራንተስ የሥጋ ዘመድ ነው። በችግኝነታቸው መለየት ለለመደ ዓይን እንኳ ያስቸግራል። "ቀዩን ያዝ" አይሠራም፤ አሉማውም ግንዱ ቀላ ሊል ይችላል። ካቻምና ዘሩን በትኜ ነበር የዘራሁት። የኔን ነቅዬ ጥዬ አሉማ ስኮተኩት ከረምኩ። ከፊት ለፊት ያሉት እማማ ናቸው አንድ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ "ልጄ፣ አረም ነው እንዴ የምታጠጪው?" ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ በመስመር ካልሆነ አልዘራም። ከመስመሩ ውጭ የበቀለ ሁሉ አረም ነው፣ ይነቀላል። ነገሩ በቃ ይኸው ነው።

7. ወደ መደብ አዛውሩ

ችግኙ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆንና አራት አምስት ቅጠል ሲይዝ ደርሷል። ከዚያ በላይ አታቆዩት። አማራንተስ ወደ ታች የሚሰድ ዋና ሥር አለው፤ ጠባብ ዕቃ ውስጥ ከታፈነ የተቸገረ መስሎት በአጭሩ ያብባል። ያ ተክል ሜዳ ላይ ቢወጣም አይረዝምም።

ከማዛወራችሁ በፊት ለአንድ ሳምንት አለማምዱት። መጀመሪያ ቀን ለሁለት ሰዓት ውጭ፣ ከዚያ በየቀኑ እየጨመራችሁ፣ መጨረሻ ላይ እንዲያድር። ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ድንገት ፀሐይ ሲያገኘው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል።

የመደቡ ቦታ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። ጥላ ውስጥ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ግንዱም ይንከረፈፋል። ክረምት ላይ ለምትተክሉ መደቡን በ20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ውሃ የቋጠረበት ሥር በሁለት ሦስት ቀን ይበሰብሳል፤ የሐምሌን የደሴ ዝናብ ለማታውቁት ልነግራችሁ አልችልም።

በተክልና በተክል መካከል ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ተዉ። ረዣዥም ግንድ ለመቁረጥ ብቻ ከሆነ 30 ይበቃል። ከተጠጋጉ አበባው ያንሳል፣ ግንዱ ግን ቀጥ ይላል።

ሲመሽ ወይም ደመና በሆነ ቀን ትከሉ። ችግኙን ከነአፈሩ በማንኪያ አንሱት፤ በግንዱ ሳይሆን በቅጠሉ ያዙት። ቅጠል ቢቀደድ ሌላ ያበቅላል፤ ግንዱ ከተጨፈለቀ ግን አበቃ። በነበረበት ጥልቀት ትከሉት፣ ዙሪያውን ጫን አድርጉ፣ አጠጡ። ለሦስት ቀን ቀትር ላይ ቅጠል ባለው ጭራሮ አስጠልሉት።

በማግስቱ ጠዋት ችግኙ በማጭድ እንደታጨደ ተኝቶ ካገኛችሁት ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ይበላል፣ ቀን እዚያው ሥሩ አፈር ውስጥ ይተኛል። በጣት ጫር ጫር አድርጋችሁ ፈልጉት፤ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። የቀሩትን ችግኞች ከላስቲክ ኩባያ በተቆረጠ ቀለበት ክበቧቸው። ቀለበቱ 2 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ይግባ።

8. ቀንጥሱት፣ ወይም ተዉት

ተክሉ 20 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ ጫፉን ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ቅጠል በላይ በጥፍራችሁ ቀንጥሱት። ጫፉ ሲሄድ ከየቅጠሉ ብብት ቅርንጫፍ ይወጣል፤ በአንድ ትልቅ አበባ ፈንታ አምስት ስድስት መካከለኛ ታገኛላችሁ። ለአበባ ማስቀመጫ የሚመቸው ይኼኛው ነው።

በአጥር ላይ የሚወርድ አንድ ረጅም ሹሩባ ከፈለጋችሁ አትንኩት። እኔ ግማሹን እቀነጥሳለሁ፣ ግማሹን እተዋለሁ። የተቀነጠሰው በአንድ ሳምንት ወይም በሁለት ዘግይቶ ስለሚያብብ አበባው አንድ ላይ አያልቅም።

9. ደግፉት

ተክሉ ጉልበት ሲደርስ እንጨቱን አጠገቡ ትከሉ። ቆይታችሁ ብትተክሉ ሥሩን ትወጉታላችሁ። በሲባጎ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እሰሩት፤ አንዱ ቀለበት እንጨቱን፣ ሌላው ግንዱን ይያዝ። ላላ ይበል፣ ግንዱ ገና ይወፍራል።

ይህ የተንዛዛ ሥራ ይመስላል፤ እስከ ነሐሴ ድረስ። አበባው ዝናብ ሲጠጣ ስፖንጅ ነው። በአንድ ሌሊት ክብደቱ ግንዱን ከመካከሉ ይሰብረዋል። በረዶ ለሚበዛበት ሰፈር ደግሞ አራት እንጨት አቁማችሁ ያረጀውን አጎበር ከላይ ወጥሩ። በረዶውን ሙሉ በሙሉ ባያስቀርም ጉልበቱን ይሰብራል።

10. ውሃና ማዳበሪያ

ተክሉ ከያዘ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ጠለቅ አድርጋችሁ አጠጡ። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ዝናብ ካለ ምንም አያስፈልግም።

ማዳበሪያ? ስትተክሉ አንድ እፍኝ ኮምፖስት። በቃ። ዩሪያ አትጨምሩ። ናይትሮጅን ሲበዛበት ቅጠሉ ይንጀረገጋል፣ ግንዱ ውሃ ይሆናል፣ ቀለሙ ይገረጣል፣ አበባውም ይዘገያል። "ከሁለት ሜትር በላይ ሄዶ ወደቀብኝ" ያሉኝን ሁሉ ስጠይቅ ዩሪያ ነው ነገሩ።

11. ቁረጡ

ከሹሩባው ሦስት አራተኛው ሲያብብና ሲነኩት ጠንከር ሲል ደርሷል። ቀድማችሁ ከቆረጣችሁት ይጠወልጋል፤ ብትዘገዩ ዘሩ ምንጣፍ ላይ ይረግፋል። ጠዋት በማለዳ፣ በተሳለ ቢላ፣ ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ።

ቅጠሉን በሙሉ ማለት ይቻላል አራግፉት። ቅጠሉ ከአበባው ቀድሞ ስለሚጠወልግ አበባው ያረጀ ያስመስለዋል፤ ውሃ ውስጥ የገባው ደግሞ ይሸታል። በየሁለት ቀኑ ውሃ ከቀየራችሁለት ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል።

ለማድረቅ ከሆነ ትንሽ ዘግይታችሁ ቁረጡና በጨለማ፣ ነፋስ በሚያገኘው ክፍል ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት። ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ቀለሙ ይበርራል። ሹሩባው እንደተንዠረገገ እንዲደርቅ ከፈለጋችሁ ግን አትዘቅዝቁት፤ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ አቁሙት።

ተጠንቀቁ

- የቀዩ አበባ ቀለም በውሃ ይለቃል። ዝናብ የነካውን አበባ ነጭ ነጠላ ለብሳችሁ አትቀፉ። እኔ አቅፌ አውቃለሁ፤ የመስቀል ዕለት።
- ብናኙ በነፋስ ይሄዳል። አስም ወይም የአበባ አለርጂ ያለበት ሰው ቤት ካለ ከመኝታ ቤት መስኮት ሥር አትትከሉት።
- የተነቀለውን ተክል በገፍ ለላምና ለበግ አትስጡ። በተለይ ድርቅ የነካው ወይም ዩሪያ የተደረገለት ከሆነ ናይትሬት ያጠራቅማል፤ ከብት ይመርዛል።
- የአማራንተስ ለጋ ቅጠል ተቀቅሎ ይበላል። ለአበባ ብላችሁ መድኃኒት የረጫችሁትን ግን አትብሉ። ቀለም ተቀብቶ የሚሸጥ እሽግ ዘርም ለምግብ አይሆንም፤ ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት የታሸ ነው።

በብዛት የምሰማቸው ችግሮች

"ቅጠሉ ወንፊት ሆነ።" ቀዳዳው ደቃቅና ብዙ ከሆነ ስትነኩት እንደ ቁንጫ የሚዘልል ትንሽ ጥንዚዛ ነው። ችግኙን ነው በጣም የሚጎዳው፤ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት አጎበሩን ሸፍኑበት። ተክሉ ካደገ በኋላ ቢበላውም ግድ የለም። ትልቅ ትልቅ ቀዳዳ ከሆነ ትል ነው፤ ማለዳ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ልቀሙት።

"ጫፉ ተጨማደደ፣ ይጣበቃል።" ክሽክሽ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ ሲመሽ በቅጠሉ ሥር እርጩ። በሦስተኛው ቀን ድገሙት። ቀትር ላይ ከረጫችሁ ቅጠሉ ይቃጠላል።

"ቀይ ነው ብለሽኝ አረንጓዴ ወጣ።" ይህ ከዘሩ ነው፤ ወደዚያው ልሂድ።

ለከርሞ ዘር መያዝ

አንድ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ፍሬ ይሰጣል፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ሹሩባ ብቻ ተዉ። ያማረውን ምረጡ፣ እንዳይቆረጥ ክር እሰሩበት። ሌላውን ዘር ሳይጥል ቁረጡት። አለዚያ ከርሞ መንገዱም፣ ጓሮውም፣ የጎረቤታችሁ ጎመን መደብም አማራንተስ ነው።

አማራንተስ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ግን ነፋስ ከሌላም ያመጣበታል። አጠገቡ አሉማ ካበበ ወይም ሁለት ዓይነት ቀለም አብራችሁ ከተከላችሁ ልጆቹ ይደባለቃሉ። በአካባቢያችሁ ያለውን አሉማ ሳያብብ ንቀሉት፣ ለዘር የምትይዙትም አንድ ዓይነት ይሁን። አረንጓዴ የወጣባቸው ሰዎች የወሰዱት ዘር ሁለቱንም ቀለም ጎን ለጎን በተከልኩበት ዓመት የለቀምኩት ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

ሹሩባውን መዳፍ ላይ አሽታችሁ ፍሬ ሲረግፍ ቁረጡት። ጥላ ውስጥ አንሶላ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት አድርቁ። በእጃችሁ እሹት፣ በወንፊት አሳልፉት፣ የቀረውን እብቅ ሰፌድ ላይ አበጥሩት። እንደ ጤፍ ነው አልኩ እኮ። ቀለል ያለ ነፋስ ይበቃል፤ ጠንካራ ነፋስ ፍሬውንም ይወስዳል።

ዘሩን ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ፤ ጥቂት እርጥበት ካለው ይሻግታል። በወረቀት ጠቅልላችሁ ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት። እንዲህ ከተያዘ አራት አምስት ዓመት ይበቅላል። ወረቀቱ ላይ ቀለሙንና የተለቀመበትን ወርና ዓመተ ምሕረት ጻፉ። ለሰው የምትሰጡት ከሆነ "አይቀበርም" የሚል ጨምሩበት።